መድኃኒት የማይበግረው የቆዳ ሕመም

በመካነ ሰላም አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት ጉንጩ ላይ እባጭ ወጣበት እንበል። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ባክቴሪያን የሚገድል ክኒን ተሰጠው። አንድ ወር ቢጠብቅም እባጩ ሰፋ እንጂ አልጠፋም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመክሩታላችሁ? ብዙ ሰው ሌላ መድኃኒት ለመግዛት ይቸኩላል። ይሁን እንጂ ከመድኃኒት ለውጥ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «መድኃኒቱ በታዘዘው መሠረት ተወስዷልን?» የሚል ነው። ሕመሙ ቀለል ሲለው ክኒኑን ያቋረጠ ወይም ለሌላ ሰው ያካፈለ በሽተኛ ይህን ካልተናገረ፣ ምርመራው ከመነሻው ይሳሳታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለዚህም ይሠራል።

ሁለተኛው፣ «በሽታው በእርግጥ የታሰበው ነውን?» የሚል ነው። ደቡብ ወሎን ጨምሮ በደጋማው የአገራችን ክፍል ቁንጭር የሚባል የቆዳ በሽታ አለ። አምጪው ባክቴሪያ ሳይሆን ሌሽማንያ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ይህን ተሕዋስ በገደል ከሚኖረው ሽኮኮ ወደ ሰው የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ስለዚህ መርማሪው ከቍስሉ ጠርዝ ጥቂት ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያያል። በአንጻሩ ቆዳው ፈዘዝ ብሎ በጥጥ ሲነካ የማይሰማው ከሆነ፣ ባክቴሪያ የሚያመጣው ሥጋ ደዌ ይጠረጠራል። ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሁለቱም በሽታዎች ሕክምና ይሰጣል።

ሦስተኛው፣ «ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዷልን?» የሚል ነው። ይህ በአገራችን ታይቷል። ሥጋ ደዌ ለብዙ ዓመታት ዳፕሶን በተባለ መድኃኒት ብቻ ይታከም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ውስጥ በተቋቋመው በአለርት ማእከል፣ በ1970ዎቹ ዳፕሶን የማይበግረው ሥጋ ደዌ ያለባቸው በሽተኞች ተገኙ። ይህን ማረጋገጥ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያ በሽተኛው መድኃኒቱን በትክክል መውሰዱ በቅርብ መታየት ነበረበት። ከዚያም ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ምግብ ላይ ስለማያድግ፣ በአይጥ የእግር መዳፍ ውስጥ እንዲራባ ይደረግና አይጧ ዳፕሶን ትመገብ ነበር። ባክቴሪያው ይህም ሆኖ ከተራባ፣ መላመዱ ተረጋገጠ ማለት ነው። አንዱ ባክቴሪያ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ውጤቱ ብዙ ወራት ያስጠብቅ ነበር።

ተመሳሳይ ማስረጃ ከሌሎች አገሮችም ስለ ተገኘ፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሕክምናው በተጣመሩ መድኃኒቶች እንዲሆን መከረ። ከአንዱ መድኃኒት ያመለጠ ባክቴሪያ በሌላው ይያዛልና። በዚህ ዘዴ ሥጋ ደዌ ይድናል። ሆኖም ዘግይቶ የመጣ በሽተኛ ከባክቴሪያው ቢፈወስም፣ የተጎዳው ነርቭ ላይመለስለት ይችላል።

እንግዲህ ወጣቱ ወደ ጤና ጣቢያው ፈጥኖ ይመለስ፤ ክኒኑን እንዴት እንደ ወሰደ ሳይደብቅ ይናገር፤ ናሙናም ይስጥ።

መልመጃ፦ ሐኪሙ ከሦስተኛው ጥያቄ ቢጀምር ምን ስሕተት ሊደርስ ይችላል? በአንድ አንቀጽ አስረዱ።