በቴሌቪዥን ያለቀ ታሪክ በወረቀት ሲቀጥል

ደሴ፡ ተወዳጅ ተከታታይ ድራማ ሲጠናቀቅ ተመልካቹ “ከዚያስ ምን ሆኑ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አዘጋጆቹ ግን ታሪክ ባያልቅባቸውም ገንዘብ ያልቅባቸዋል። በሌላው ዓለም ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ታሪኩን በኮሚክ መጽሐፍ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎችና በአጫጭር ንግግሮች መቀጠል ነው።

በአሜሪካ “በፊ” የተሰኘው ድራማ እ.ኤ.አ. በ2003 በ7ኛው ምዕራፍ ከተቋጨ በኋላ፣ ከ2007 ጀምሮ 8ኛው ምዕራፍ በ40 የኮሚክ ዕትሞች ለአንባቢ ቀርቧል። በ2008 ያበቃው “አቫታር” የተባለው የካርቱን ፊልምም ከ2012 ጀምሮ በመጻሕፍት ቀጥሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጎርፍን ወይም የደመቀ ገበያን በካሜራ መቅረጽ ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል፤ ለሠዓሊ ግን ጎርፉም ሆነ የሁለት ጎረቤታሞች ወግ የሚፈልገው ወረቀት፣ ቀለምና ጊዜ ነው።

በሀገራችን ለዚህ የሚቀርበው የዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ሥራ ነው። መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር የጀመሩት “ፀሐይ መማር ትወዳለች” በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ቀጭኔዋ ፀሐይ በልጆች ዘንድ ተወዳጅ ሆነች፤ ታሪኮቿም በመጽሐፍ ታተሙ። ያው ድርጅት ያዘጋጀው “ጥበብ ገርልስ” ያለዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን የመሰሉ ጉዳዮች የሚያነሳ የካርቱን ታሪክ ሲሆን፣ በኮሚክ መልክም ቀርቧል።

ጉዳዩ ለደቡብ ወሎ ሩቅ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ ጣሪያዎች ላይ የሳተላይት ሳሕን ማየት የተለመደ ነው። በዙሪያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ግን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ቴሌቪዥን ቢኖርም መብራት ሲጠፋ ወይም ሰው ማሳ ላይ ሲውል ዝግጅቱ ያመልጣል። ያለዕድሜዋ ልትዳር የታሰበች ልጅ ስለ መብቷ የሚናገረውን ክፍል ካላየች፣ ክፍሉ ለእርሷ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። መጽሐፍ ግን ሰዓት አይጠብቅም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ተማሪዋ ስታነብ እናቷ ሥዕሉን እያየች ትከታተላለች።

ለአርሶ አደሩም ጥቅም አለው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው “ሹጃዝ” የተሰኘ ኮሚክ በጋዜጣ ውስጥና በሞባይል ገንዘብ ወኪሎች ሱቅ በነጻ ይታደል ነበር። ከታሪኮቹ አንዱ ጫጩቶችን ቀለም በመቀባት ከጭልፊት የመከላከል ዘዴን አሳይቷል። ዘዴው በጨዋታ መካከል ስለገባ እንደ ትእዛዝ አልተነበበም።

ታሪክን በሥዕል ማንበብም ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሥዕል የተዋበ ወንጌል ሲጠብቅ ኖሯል። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክም በአራት ማዕዘን ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሥዕሎች፣ ሲተረክ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ድራማን ወደ ኮሚክ ለመለወጥ ፍላጎት ብቻ አይበቃም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥን መብት ለሥራው ባለመብት ይሰጣል፤ ስለዚህ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። የተዋናይን መልክ መሣልም የራሱን የተዋናዩን ፈቃድ ይሻል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሰው ምስል ያለፈቃዱ እንዳይባዛ ይከለክላልና። ሌላው የኅትመት ዋጋ ነው። ወረቀት በተወደደበት ጊዜ ባለሙሉ ቀለም መጽሐፍ ለገጠር ቤተሰብ ኪስ ይከብዳል፤ ስለሆነም በጥቁርና ነጭ ማተም፣ ገጽ መቀነስና ቅጂዎቹን በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ የሚሻሉ አማራጮች ናቸው።

ከሁሉም በላይ ሥዕሉ ያለ ጽሑፍ ሊገባ ይገባል። አንድ ገጽ ከመታተሙ በፊት ፊደል ላልቆጠረ ሰው ማሳየትና “ምን ሆነ?” ብሎ መጠየቅ ጥሩ መፈተኛ ነው። ታሪኩን መልሶ ከተረከው ገጹ ሠርቷል፤ ካልተረከው የሚታረመው ሥዕሉ እንጂ አንባቢው አይደለም።