የድርቆሽ ጋሪና የኩሌ ሜዳ

ሥዕል ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠብቀው አንድ ታላቅ ነገር ነው፤ የአድዋን ጦርነት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ድል፣ የንጉሥን ዘውድ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ዛፍና ተራራ ቢሣል ለቅዱሳኑ ታሪክ አጃቢ ይሆናል እንጂ ራሱን ችሎ አይቆምም። ስለዚህ ተራ ሜዳ የተሣለበት ሥዕል ሲያጋጥመን «ታዲያ ምኑ ነው የሚታየው?» ብለን እናልፈዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ካለው ሥዕል ፊት ጥቂት ቆመን እንድናይ ለማሳሰብ ነው።

ለምሳሌ እንግሊዛዊው ጆን ኮንስተብል በ1821 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ ያሳየውን «የድርቆሽ ጋሪ» እንውሰድ። ወርዱ 185፣ ቁመቱ 130 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀት በሌለው ወንዝ ውስጥ ባዶ ጋሪ ቆሟል፤ በግራ አንድ አሮጌ ቤት፣ በዳር አንድ ውሻ፣ በሩቁ ሜዳ ድርቆሽ የሚሰበስቡ ሰዎች ይታያሉ። ቦታውም የአባቱ ወፍጮ የነበረበት የስቱር ወንዝ አካባቢ ነው።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝም የመልክዓ ምድር ሥዕል ከታሪክና ከሃይማኖት ሥዕል በታች ይቆጠር ነበር። ሥዕሉ በሎንዶን ታይቶ ገዢ አላገኘም፤ በ1824 ግን በፓሪስ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ሠዓሊው የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሙሉ አባል የሆነው በ1829፣ በ52 ዓመቱ ነው።

ታዲያ እንዴት እንየው? በመጀመሪያ ሰማዩን እንመልከት። ኮንስተብል ደመናን እንደ ትምህርት ያጠና ነበር፤ በብዙ የደመና ንድፎቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ጽፏል። ቀጥሎ ብርሃኑ ከደመናው መካከል ወርዶ በሜዳው ላይ የት እንደሚያርፍ እንከተል። በመጨረሻም በፈረሶቹ ዕቃ ላይ ያለችው ጥቂት ቀይ ቀለም አረንጓዴውን ሁሉ እንዴት እንደምታነቃው እናስተውል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ከ1815 በኋላ የእህል ዋጋ ወድቆ የእንግሊዝ የእርሻ ሠራተኛ ተቸግሮ ነበር፤ በ1816ና በ1822 በዚያው በምሥራቁ ክፍል ሁከት ተነሥቷል። ሥዕሉ ይህን አያሳይም። ታዲያ ይዋሻልን? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ የጸጥታ ሥዕል ብቻውን ሙሉ ታሪክ አይነግርም። ይሁን እንጂ የመከራ ሥዕልም ብቻውን አይነግርም።

በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ያለችውን ኩሌን እናስብ። ዓለም የሚያውቃት በ2014 ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች በተከፈተው መጠለያ ጣቢያ ነው። ስሟ ሲነሣ የሚመጣብን ሰልፍና የዕርዳታ ስንዴ ነው። ያም እውነት ነው። ነገር ግን እዚያም ከዝናቡ በፊት የሚከማች ደመና፣ ሰው የሚሰውር ረጅም ሣር፣ የሣር ክዳን ጎጆ፣ ማታ የሚገባ ከብት አለ። በረጋ ዓይን ታይቶ የማያውቅ አገር ሰዎቹ በቀላሉ ወደ ቁጥር ይለወጣሉ።

አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1957 ያቋቋሙት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ሠዓሊያንን ያወጣል። ከነዚህ አንዱ የኩሌን ቀትር ቢሥል መልካም ነው። ተመልካቹ ግን እኛ ነንና፣ ዓይናችንን ከወዲሁ እናለማምድ።