ጠባቧ ማጣሪያ የምትችለውና የማትችለው

ከከተማ ግቢ ፈዛዛ ጋላክሲን ፎቶ ለማንሳት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው የመንገድ መብራትን ነው፤ መድኃኒቱም ጠባብ ማጣሪያ እንደሆነች ወዲያው ይነገረዋል። ማጣሪያዋ ከካሜራው ፊት የምትገባ መስታወት ናት፤ ከሚታየው ብርሃን 3፣ 5 ወይም 7 ናኖሜትር ስፋት ያለውን ቁራጭ ብቻ አሳልፋ የቀረውን ትመልሳለች። የሚሠራባቸው መስመሮች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ሃይድሮጅን አልፋ በ656.3፣ ኦክስጅን በ500.7፣ ሰልፈር በ672 ናኖሜትር ግድም። በኦራዮን ላሉት ዓይነት የጋዝ ደመናዎች ውለታዋ የታወቀ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ያንኑ ውለታ ሳይመረምሩ ለጋላክሲ ሲጠብቁት ነው። «ሰማዩን ካጠቆረች ጋላክሲውን ታወጣዋለች» ማለት አያስኬድም፤ «እንግዲያው ለጋላክሲ አትረባም» ማለትም አያስኬድም።

የጋላክሲ ብርሃን አብዛኛው የቢሊዮኖች ከዋክብት ድምር ስለሆነ ከሰማያዊ እስከ ቀይ ሳይቋረጥ የተዘረጋ ነው። የዛሬው ነጭ የኤልኢዲ መብራትም እንደዚያው የተዘረጋ ነው። ወንፊት ዱቄትን ከእብቅ ይለያል እንጂ ዱቄትን ከዱቄት አይለይም። ሒሳቡም ይህንኑ ያሳያል። ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ስፋት ላይ ብርሃኑ በእኩል ተዘርግቷል ብንል፣ ባለ 3 ናኖሜትር ማጣሪያ ከሰማዩ አንድ መቶኛ፣ ከከዋክብቱም አንድ መቶኛ ታሳልፋለች። ስለዚህ ጋላክሲው ከሰማዩ አንጻር ያለው ጉልህነት አልተለወጠም። ብርሃኑ በ100 እጥፍ ሲቀንስ የምስሉ ጫጫታ (የብርሃኑ የዘፈቀደ መዋዠቅ) የሚቀንሰው ግን በ10 እጥፍ ብቻ ነው፤ ያለ ማጣሪያ በ1 ሰዓት የሚገኘውን ጥራት ለማግኘት 100 ሰዓት ይጠይቃል ማለት ነው። የካሜራው የራሱ የንባብ ጫጫታ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። «እኔ ስሞክረው ሰማዩ ጠቁሮልኛል» የሚል አይጠፋም። ጠቁሯል፤ ጋላክሲውም አብሮ ጠቁሯል። ጋዛቸው ያለቀባቸውን ሞላላ ጋላክሲዎች በጠባብ ማጣሪያ ማሳደድ ጥርት ያለ ሌሊት ማባከን ነው።

ማጣሪያዋ ዋጋዋን የምታሳየው ብርሃኑ ራሱ በአንድ መስመር ላይ ተከማችቶ ሲመጣ ነው። ገና የተወለዱ ግዙፍ ከዋክብት በዙሪያቸው ያለውን ሃይድሮጅን ሲያግሉት፣ ጋዙ ብርሃኑን በ656.3 ላይ ያፈሰዋል። ይህን ብርሃን ማጣሪያዋ ከሞላ ጎደል ሳትነካ ታሳልፈዋለች፤ የሰማዩን ግን ወደ አንድ መቶኛ ታወርደዋለች። በኤም 33 ጋላክሲ ክንድ ላይ ያለው ኤንጂሲ 604 ከ1,000 የብርሃን ዓመት በላይ ስፋት ያለው የከዋክብት መወለጃ ነው፤ በ10 ሳንቲሜትር ቴሌስኮፕም ቢሆን በግልጽ ይወጣል። 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ የሚገኘው ኤም 82 ደግሞ ከመሃሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚተፋው ቀይ ጋዝ አለው፤ በተራ የቀለም ፎቶ ፍንጩ ብቻ የሚታየው ይህ ጋዝ በሃይድሮጅን አልፋ ሲነሳ ቅርንጫፉ ሁሉ ይለያል። ጥንቁቅ ሠራተኛ እዚህ ላይ አያቆምም። በሰፊ ቀይ ማጣሪያ ሌላ ምስል ያነሳል፤ መጠኑን አስተካክሎ ከጠባቡ ምስል ይቀንሰዋል፤ የቀረውን ጋዝ ብቻ ከቀለም ፎቶው ጋር ያዋህዳል። ይህን ቅነሳ ዘለው ጠባቡን ምስል እንዳለ በቀዩ ላይ የሚደፉ ሰዎች ጋላክሲውን በሙሉ የበርበሬ ቀለም ይቀቡታል፤ ከዚያም ቴሌስኮፑን ይወቅሳሉ።

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው ግን የጋላክሲው ፍጥነት ነው። ከእኛ የሚርቅ ጋላክሲ መስመሩ ወደ ቀዩ ጎን ይንሸራተታል፤ ማጣሪያዋ ግን ካለችበት አትነቃነቅም። ባለ 3 ናኖሜትር ማጣሪያ መስመሩ መሃሏ ላይ ቢሆን በእያንዳንዱ ጎን የሚተርፋት 1.5 ናኖሜትር ነው፤ ይህም በሴኮንድ 690 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በሴኮንድ 460 ኪሎሜትር ገደማ የሚርቀው ኤም 51 መስመሩ 1 ናኖሜትር ያህል ስለሚንሸራተት ያልፋል። በድንግል ስብስብ ውስጥ ያለው ኤም 87 ወደ 1,280 ይደርሳል፤ 2.8 ናኖሜትር ስለሚንሸራተት ከባለ 3ዋ ውጭ ይወድቃል፤ ባለ 7ዋ ግን ታሳልፈዋለች። በጋዝ ክሮቹ የታወቀው ኤንጂሲ 1275 በሴኮንድ 5,260 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚርቅ መስመሩ ከ11 ናኖሜትር በላይ ይርቃል፤ የተለመደችው የሃይድሮጅን ማጣሪያ ከዚያ ጋዝ ምንም አታሳይም። ሌሊቱን ሙሉ የተሰበሰበው የከዋክብቱ ብርሃን ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚያስደስት መላ አለ፦ የኮማ ስብስብ ጋላክሲዎች በአማካይ ወደ 7,000 ኪሎሜትር በሴኮንድ ስለሚርቁ፣ የሃይድሮጅናቸው መስመር 671.5 ግድም ይደርሳል፤ የሰልፈር ማጣሪያ የምትቀመጠውም እዚያው ነው። የሌንሱን «ፍጥነት»፣ ማለትም የትኩረት ርዝመቱ ከመክፈቻው ጋር ያለውን ጥምርታ፣ መርሳትም አይገባም። እንደ ኤፍ 2 ባሉ ፈጣን ቴሌስኮፖች ብርሃኑ ማጣሪያዋን ሰያፍ ስለሚመታት መስኮቷ ጥቂት ናኖሜትር ወደ ሰማያዊ ይሸሻል፤ ጋላክሲው ወደ ቀይ ሲሄድ ማጣሪያዋ በተቃራኒው ትሄዳለች።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ትላልቆቹ ቴሌስኮፖች የቀረውን ይጨርሱታል» የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ መልሱ አንድሮሜዳ ራሷ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ሰማይ ሲጠራ ከኢትዮጵያም ጥሩ ከፍታ ላይ የምትታየው ይህች ጋላክሲ በአማተሮችም በባለሙያዎችም እጅግ ብዙ ጊዜ የተነሳች ናት። ሆኖም በ2022 አማተሩ ያን ሴንቲ በትንሽ ቴሌስኮፕ ከ100 ሰዓት በላይ ያነሳት ምስል፣ ከማርሰል ድሬክስለርና ከግዛቪየ ስትሮትነር ጋር ሆነው ሲመረምሩት፣ ከጎኗ ማንም ያላወቀውን የኦክስጅን ቅስት አወጣ፤ ግኝቱም በ2023 መጀመሪያ ይፋ ሆነ። ቅስቱ 1.5 ዲግሪ ያህል ይረዝማል፤ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ትላልቅ ቴሌስኮፖች እይታቸው ጠባብ፣ ሰዓታቸውም በወረፋ የተሸነሸነ ስለሆነ እንዲህ ሰፊና ፈዛዛ ነገር በቀላሉ ያመልጣቸዋል። ቅስቱ የአንድሮሜዳ ጎረቤት ነው ወይስ በእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያለ ጋዝ የሚለው ክርክር ተከትሏል፤ ክርክሩ ግን ሊነሳ የቻለው ጠባቧ ማጣሪያ ለትክክለኛው ጥያቄ ስለዋለች ነው።

እንግዲህ ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሽ፦ የሚፈልገው ጋላክሲ የጋለ ጋዝ አለው ወይ? መስመሩስ በማጣሪያዋ መስኮት ውስጥ ይወድቃል ወይ? ለሁለቱም መልሱ አዎን ከሆነ፣ በመንገድ መብራት ሥር ያለ ግቢም ይበቃዋል። ለአንዱም እንኳ መልሱ አይደለም ከሆነ ግን ገንዘቡን ለነዳጅ ያውለውና ከከተማ ወጥቶ ጨለማ ሰማይ ይፈልግ።