በአሊሶና በዉድ ሸለቆዎች ውስጥ ስላሉት የቢስክሌት መንገዶች

በካሊፎርንያ፥ ከሎስ አንጀለስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ላጉና ቢች ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ጀርባ አሊሶና ዉድ የተባሉ ሁለት ሸለቆዎች ይገናኛሉ። የኦሬንጅ አውራጃ ሥፍራውን «የዱር መናፈሻ» ብሎ ከልሎታል። ስፋቱ ከ4 ሺህ ኤከር ይበልጣል፤ የተፈቀዱት መንገዶች ቢደመሩ ከ30 ማይል በላይ ናቸው። ዙሪያውን ግን ቤት ከቦታል። በመንገዶቹም እግረኛ፥ ፈረሰኛና ባለቢስክሌት አብረው ይተላለፋሉ። እኛ ልንመረምር ያሰብነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ዱር ተብሎ የተከለለ መሬት የመንኰራኵርን ጉዞ ሊችል ይችላልን? የሚል ነው። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ «ዱር» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1964 ባወጣው የዱር ሥፍራዎች ሕግ በፌዴራል መንግሥት ዱር ውስጥ የመኪናንና የማናቸውንም ሜካኒካዊ ማጓጓዣ ጉዞ ከልክሏል፤ በ1984ም የደን መሥሪያ ቤቱ ቢስክሌትን በስም ጠቅሶ ከክልከላው አገባው። የአሊሶ መናፈሻ ግን የአውራጃው ስለ ኾነ ይህ ሕግ አይደርስበትም። ስሙ አንድ ሲኾን ሕጉ ሁለት ነው። ሕጉ በወጣ ጊዜ ደግሞ የተራራ ቢስክሌት ገና አልተወለደም ነበር። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን፥ በማሪን አውራጃ፥ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ቢስክሌቶች እየነዱ ተራራ መውረድ የጀመሩት በ1970ዎቹ ነው። በ1976 የተጀመረው ውድድራቸው «ሪፓክ» ተባለ፤ ትርጓሜውም እንደ ገና መሙላት ነው፤ ቁልቁለቱ የኋላውን ፍሬን እያጋለ ግራሶውን ስለሚያተነው ከወረዱ በኋላ ሌላ መሙላት ግድ ኾኖባቸው ነበርና።

ወደ ጥያቄአችን እንመለስ። ብዙ ሰው መሬቱን የሚያበላሸው ጎማው ነው ይላል። ነገር ግን ዊልሰንና ሴኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሞንታና ተራሮች ላይ ፈትነው በ1994 ባሳተሙት ጥናት፥ በረጠበ መንገድ ላይ የፈረስ ኮቴና የሰው እግር ከመንኰራኵር ይልቅ ብዙ አፈር እንደሚፈታ አሳይተዋል። ይህን አንብቦ ባለቢስክሌቱን ነጻ ለማውጣት መቸኰል ግን አይገባም። እግር የሚተወው የተለያየ ጉድጓድ ነው፤ ጎማ የሚተወው ግን ያልተቋረጠ ቦይ ነው። ቦዩን ያገኘ ውሃ ደግሞ ሌላ መንገድ አይፈልግም።

እንግዲህ ዋናው ተጠያቂ ውሃው ነው፤ ውሃውን የሚመራው ደግሞ የመንገዱ አቀያየስ ነው። በተረተር ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ፥ ማንም ቢሄድበት፥ ክረምቱ ሲመጣ ወንዝ ይኾናል። የበቅሎ መንገድ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ሲኾን ያየ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያሻውም። ስለዚህ መንገድ ቀያሾች «የእኩሌታ ደንብ» የሚሉት አላቸው፤ የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ቁልቁለት እኩሌታ እንዳይበልጥ ያዝዛል። የተራራው ጎን በ100 ሜትር 20 ሜትር የሚወርድ ከኾነ መንገዱ ከ10 ሜትር በላይ መውረድ የለበትም። ደግሞም የመንገዱ ውጭኛ ጠርዝ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ውሃው መንገዱን ተከትሎ ሳይኾን አቋርጦ እንዲያልፍ ነው። አልፎ አልፎም ቁልቁለቱ ለጥቂት እርምጃ ወደ አቀበት ይመለሳል፤ ውሃው እዚያ ላይ ጕልበቱን ያጣል።

በአሊሶ ዝናቡ ጥቂት ነው፤ የሚወርደውም ይበልጡን ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ከዝናብ በኋላ መናፈሻው የሚዘጋው ለባለቢስክሌቶች ከመጨነቅ የተነሣ ብቻ አይደለም። በጭቃው ላይ የተቀረጸው ቦይ በረጅሙ በጋ እንደ ሸክላ ደርቆ እስከሚቀጥለው ዝናብ ይቈያል። ሦስት ቀን መታገሥ ያቃተው አንድ ሰው የዓመት ሥራ ትቶ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን ያሳሰበን በስውር የሚቀደደው መንገድ ነው። በዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ናትካቸር የምትባል፥ ክብደቷ 6 ግራም ያህል የኾነ ግራጫ ወፍ ትኖራለች። የባሕር ዳሩ ቁጥቋጦ ለቤት መሥሪያ እየተመነጠረ ስላለቀባት በ1993 በሕግ ከሚጠበቁት ፍጥረታት ጋር ተቈጠረች። በ1996 በተደረገው ስምምነት ባለሀብቶች በሌላ ሥፍራ እንዲሠሩ ሲፈቀድላቸው፥ በምትኩ 37 ሺህ ኤከር ያህል ተከለለ፤ ሸለቆዎቻችንም ከዚያ ውስጥ ናቸው። መሬቱ በዚህ ስምምነት የሚጠበቀው እንግዲህ ስለ ወፏና ስለ ጎረቤቶቿ ነው፤ ባለቢስክሌቱ በእንግድነት ገባ።

ባለቢስክሌቶቹም ክርክር አላቸው። ሰፊው መንገድ ለመኪና የተቀደደ ስለ ኾነ ይሰለቻል፥ ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ ቢጨመርልን በስውር የሚቀድድ አይኖርም ይላሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ይኹን እንጂ ወፏ ጎጆዋን የምትሠራው ከመሬት አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ከፍታ፥ ከየካቲት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው፤ መንገድ የሚቀድዱትም በመጋዝና በአካፋ ነው።