አደራ ከመቀበል በፊት

በበዓል ሰሞን መርካቶ ውስጥ በሱቅ ደጃፍ የታሰረ በግ ማየት የተለመደ ነው። ገዢው ቀሪ ገበያውን እስኪጨርስ፣ ግቢ የሌለው ከሆነም እስከ በዓሉ ዋዜማ ድረስ፣ በጉን ለሚያውቀው ዘበኛ ወይም ባለሱቅ ያስጠብቃል። ጠባቂው ሳርና ውሃ ያቀርባል፣ ገመዱን ያጠብቃል፣ ለድካሙም ጥቂት ብር ይቀበላል። በሌሎች አገሮች ከተሞች ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ባለቤቶቹ መንገድ ሲሄዱ ውሻና ድመት በክፍያ እየጠበቁ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። እኛ ዘንድ ሥራው አደራ ይባላል። ይህ ጽሑፍ አደራ ከየት እንደመጣ፣ ሕጉ ስለ እሱ ምን እንደሚል፣ በተለይም አጠራጣሪ ጥያቄ የቀረበለት ጠባቂ ምን ማድረግ እንዳለበት ያስረዳል።

አደራ ማለት አንድ ሰው የራሱን ንብረት ሌላው ጠብቆ እንዲመልስለት የሚሰጥበት ስምምነት ነው። ጉዳዩ ጥንታዊ በመሆኑ ፍትሐ ነገሥትም ስለ አደራ የራሱ አንቀጽ አለው። በገጠር የአደራ ቅርብ ዘመድ የሆነ ርቢ የሚባል ሥርዓት አለ። ላም ኖሮት ግጦሽ ወይም እረኛ ያጣ ሰው ላሟን ለሌላ ይሰጣል፤ ተቀባዩ ይቀልባታል፣ ወተቷን ይጠጣል፣ ጥጃውን እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። ከብቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል መሆኑን ልብ ይሏል። የማይታወቅ ሰው በሬ ሊሸጥ ገበያ ቢወጣ ገዢው «ዋስ ጥራ» ይለዋል፤ የሚያውቀው ሰው የሌለው ሻጭ የሰው ከብት ነድቶ መጥቶ ሊሆን ይችላልና።

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛወረና የዛሬው መርካቶ ተመሠረተ። ከየአቅጣጫው የመጣው ነጋዴ ሙስሊሙ አማና፣ ክርስቲያኑ አደራ እያለ በቃል መተማመንን ይዞ ገባ። ዛሬም ምናለሽ ተራ ላይ ነጋዴ ለምሳ ወይም ለሶላት ሲወጣ ሱቁን «እያት» ብሎ ለጎረቤቱ ትቶ ይሄዳል። ይሁን እንጂ አውቶቡስ ተራ ቅርብ ነው፤ በየቀኑ የሚጎርፈው እንግዳ ሁሉ ዋስ ይዞ አይመጣም።

ሕጉም ጉዳዩን አልተወውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2779 ጀምሮ ስለ አደራ ይደነግጋል። ቁጥር 2071 እና 2072 ደግሞ እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን እንስሳውን በእጁ አድርጎ የሚጠብቀውም ሰው ኃላፊ እንደሚሆን ይገልጻሉ። በአደራ የተያዘ በግ ተፈትቶ የሰው ዕቃ ቢሰብር ጠባቂውም ይጠየቃል ማለት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 አደራ የሚበላውን እምነት በማጉደል ይቀጣል። አንቀጽ 682 የተሰረቀ ንብረት እያወቀ የሚቀበለውንና የሚደብቀውን በመሸሸግ ወንጀል ይጠይቃል። ሳያውቅ የተቀበለም ቢሆን አለማወቁን እስኪያስረዳ ድረስ መጉላላቱ አይቀርለትም።

እንግዲህ አንድ የማይታወቅ ሰው ሲመሻሽ በግ እየጎተተ መጣ እንበል። «እስከ ነገ ያዝልኝ» ይላል፤ ይቸኩላል። ጠባቂው ማንሳት ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ ቀላል ነው፤ ከየት ገዛኸው? በስንት? የበዓል በግ በገንዘቡ የገዛ ሰው ዋጋውን ሳይጠየቅም ይናገራል፤ ምን ያህል እንደተከራከረ፣ ሻጩ ስንት ብር እንደቀነሰለት ጭምር ይተርካል። ዋጋውን ለማስታወስ የሚያመነታ፣ ወይም በጥያቄው የሚቆጣ ሰው ያጠራጥራል።

ሁለተኛው አጠራጣሪ ነገር ተጨማሪ ዕቃ ነው። ስለ በጉ ከተስማሙ በኋላ «ይህችንም ከረጢት አብረህ አስቀምጥልኝ» የሚል ይመጣል። አደራው የበግ ከሆነ በበጉ ይቁም። ከረጢቱን መቀበል ግድ ከሆነም በባለቤቱ ፊት ተከፍቶ፣ ምን እንዳለበት በምስክር ፊት ታይቶ መሆን አለበት። «አትክፈተው» የተባለ ዕቃ ከናካቴው አይያዝም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን በገንዘቡ ነው። የጥበቃው ዋጋ 300 ብር ሆኖ ሳለ «በስህተት 3,000 ላክሁ፣ 2,700ውን በዚህ ቁጥር መልስልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ የደረሰው መልእክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፤ ከተራ የሞባይል ቁጥር የተላከ «ብር ገብቶልዎታል» የሐሰት ነው። መልእክቱ ትክክለኛ ቢመስልም እንኳ መተግበሪያውን ከፍቶ ሒሳቡን ማየት ይገባል። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢሆንስ? ያን ጊዜም ወደ ሌላ ቁጥር አይላክም፤ ከሌላ ሰው ሒሳብ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ላኪው ራሱ ለባንኩ ወይም ለቴሌብር አመልክቶ ዝውውሩን ያስመልስ። እንዲህ ያለው ማጭበርበር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የማታለል ወንጀል ነው።

በመጨረሻ የሚረከበውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። «ወንድሜ መጥቶ ይወስደዋል» ከተባለ፣ ርክክቡ ከመፈጸሙ በፊት መጀመሪያ ቀን በተያዘው ስልክ ለሰጪው ደውሎ ማረጋገጥና የተረካቢውን መታወቂያ ማየት ይገባል። ለተሳሳተ ሰው የተሰጠ በግ ዕዳው የጠባቂው ነው።

ውሻ ሲሆን አንድ ነገር ይጨመራል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ። የሱቅና የመጋዘን ውሻ እንዲጠብቅ የተጠየቀ ሰው ማስረጃውን ሳያይ እሺ ማለት የለበትም። በሽታው ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

እንቢ ማለት ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ አደራ አልቀበልም ማለት ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መርካቶ ግን ለዚህም የራሱ አነጋገር አለው፤ «ይቅርታ ወንድሜ፣ የማላውቀውን አልይዝም። የሚያውቅህ ሰው ካለ ጥራና እይዝልሃለሁ።» ሰውየውን ሌባ አላለውም፤ ዋስ ነው የጠየቀው። ቅን ደንበኛ የሚያውቀውን ሰው ይጠራል፣ ስሙንና ስልኩን ያስጽፋል፣ በጉንም በሰላም ያሳድራል። ጥያቄውን ሰምቶ በጉንም ከረጢቱንም ጥሎ የሚሸሽ ከሆነ ዕቃውን ሳይነኩ ወደ ፖሊስ 991 መደወል ነው።