የኔትወርክ መሣሪያ ሲበላሽ በኢሜይል እንዲያስታውቅ ስለ ማድረግ

በዛሬው ጊዜ ንግድ በሚዛንና በመዝገብ ብቻ የሚካሄድ ሥራ አለመሆኑን ክቡራን አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። አስመጪውና ላኪው የፈቃድና የጉምሩክ ጉዳዩን በ2012 ዓ.ም. በተከፈተው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ይፈጽማል፤ ባለሱቁም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር የሽያጩን ገንዘብ ይቀበላል። የዕቃው ቁጥር፣ የሰነዱ ቅጂና የጥበቃ ካሜራው ሥዕል ሳይቀር በአንዲት ቀጭን ሽቦ ይተላለፋሉ። ያች ሽቦ ወይም የምትያያዝበት መሣሪያ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ደንበኛው «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል።

መሣሪያ ሁሉ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ነጋዴውን ከብልሽቱ አብልጦ የሚጎዳው ግን መበላሸቱን ሳያውቅ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹ በተበላሹ ጊዜ በኢሜይል እንዲያስታውቁ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ነገር በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ለምሳሌ ያህል የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጸሐፊነት በሚያገለግልበት የንግድ ቤት የደረሰውን እንናገር። በአንድ ዓርብ ማታ በመጋዘኑ ውስጥ የነበረ ትንሽ ስዊች ተቃጠለ። ስዊች ማለት ብዙ ሽቦዎችን ተቀብሎ ኮምፒዩተሮችን እርስ በርሳቸው የሚያገናኝ ሣጥን ነው። የዕቃው መዝገብና የሰነዶች ቅጂ የሚቀመጡበት ሰርቨር ከዚያው ስዊች ጋራ የተያያዘ ስለ ነበረ፣ ሰኞ ጧት አንድም ሰነድ ማውጣት አልተቻለም። ብልሽቱ ከውጭው መስመር የመጣ መስሎን ግማሽ ቀን በከንቱ ስንጠይቅ ዋልን። በጉምሩክ የሚጠበቀው ሰነድ ሁለት ቀን ዘገየ፤ በዚህም ምክንያት ለዕቃው ማቆያ ያልታሰበ ኪራይ ተከፈለ።

ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ማስጠንቀቂያው ሳይላክ የቀረ አለመሆኑ ነው። በዋናው ቢሮ የነበረው ጠባቂ ፕሮግራም ከዓርብ ማታ ጀምሮ 41 ደብዳቤ ልኮ ነበር። ዳሩ ግን ደብዳቤዎቹ ሁሉ የተላኩት ከቤቱ ከተሰናበተ ብዙ ወራት ወዳለፈው ባለሙያ አድራሻ ነበርና ያነበባቸው ሰው አልነበረም። እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ማዘጋጀት ማለት አንድ ጊዜ ሞልቶ መተው ሳይሆን፣ ደብዳቤው ከመሣሪያው ተነሥቶ ከሰው ዓይን እስኪደርስ ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ መጠበቅ መሆኑን ከዚህ ተማርን።

መሣሪያ ሕመሙን የሚያስታውቅበት መንገድ ሁለት ነው። በመጀመሪያው መንገድ መሣሪያው ራሱ ይናገራል። የካሜራ መቅረጫ፣ የፋይል ማከማቻና አንዳንድ ዩፒኤስ ይህ ችሎታ ከፋብሪካቸው ተሰጥቷቸዋል። ጥቅሙም ከፍ ያለ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንድ ብልሽት ድምፅ የለውም። አንድ ዐይነት ጽሑፍ በሁለት ዲስክ ላይ የሚይዝ ማከማቻ አንደኛው ዲስክ ቢሞት ሥራውን አያቋርጥም። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ሁለተኛው ዲስክ በሞተ ጊዜ ሲሆን ያን ጊዜ የዓመታት መዝገብ አብሮ ይጠፋል። የካሜራው መቅረጫ ዲስክ የተበላሸበት ባለሱቅም ሥዕል አለመኖሩን የሚረዳው ሌባ ገብቶ ከወጣ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ይህ ነው።

በሁለተኛው መንገድ ግን መሣሪያው ይጠየቃል። ጠባቂ የሆነ ፕሮግራም እያንዳንዱን መሣሪያ በየደቂቃው በአድራሻው ይጠራዋል፤ መሣሪያውም ጤነኛ ከሆነ «አቤት» ብሎ ይመልሳል። ይህ አጠራር ፒንግ ይባላል፤ ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ፕሮግራም ነው። ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ ለመጠየቅ፣ ይኸውም የመሣሪያውን ሙቀት ወይም የትኛው የሽቦ መግቢያ እንደ ተቋረጠ ለማወቅ፣ ኤስኤንኤምፒ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ደንብ ያገለግላል። ዛቢክስና ናጊዮስ ኮር የሚባሉት ጠባቂ ፕሮግራሞች ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። የማይክሮቲክ ራውተር ያለው ነጋዴም በዚያው ራውተር ውስጥ ኔትዎች የተባለ አነስተኛ ጠባቂ ያገኛል።

ሁለቱም መንገዶች ቢኖሩ እንኳ አንድ ችግር ይቀራል። የኢንተርኔት መስመር በተቋረጠ ጊዜ «መስመሩ ተቋረጠ» የሚለው ደብዳቤ ራሱ በምን ይሄዳል? መብራት በጠፋስ ጊዜ የጠፋው ራውተር እንዴት ይጽፋል? ድልድዩ ሲፈርስ ወሬውን በዚያው ድልድይ አሻግሮ መላክ አይቻልምና ለዚህ ሦስት መፍትሔ አለ። አንደኛው፣ ጠባቂው ኮምፒዩተርና ራውተሩ በዩፒኤስ ላይ እንዲሆኑ ማድረግና ባለሲም ካርድ ሞደም በተጠባባቂነት ማኖር ነው። ሁለተኛው፣ ጠባቂን ከቤቱ ውጭ ማቆም ነው። በአዲስ አበባና በአዳማ ሱቅ ያለው ነጋዴ በሁለቱ መካከል በምስጢር የተቈለፈ መስመር አዘርግቶ አንደኛው ቤት ሌላውን እንዲጠብቅ ቢያደርግ፣ የጠፋው ቤት ዝም ቢል እንኳ ያልጠፋው ይናገርለታል። ሦስተኛውና ያለ ወጪ የሚገኘው፣ በየጧቱ «ሁሉ ደኅና ነው» የሚል አንድ አጭር ደብዳቤ እንዲመጣ ማዘዝ ነው። ደብዳቤው የቀረ ዕለት መቅረቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ።

1ኛ/ መሣሪያዎቹን መመዝገብ። ራውተሩ፣ ስዊቹ፣ ዋይፋዩ፣ ሰርቨሩና የካሜራው መቅረጫ በስም፣ በቦታና በአድራሻ ይመዝገቡ። አድራሻው በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ጠባቂው የሚጠራውን ያጣልና ለእያንዳንዱ ቋሚ አድራሻ ይሰጠው።

2ኛ/ ላኪውን ኢሜይል መክፈት። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል አድራሻ ይከፈት እንጂ የባለቤቱ የግል አድራሻ አይሰጥ። በመሣሪያው ላይ የላኪው ሰርቨር ስም፣ የመግቢያው ቁጥር፣ አድራሻውና የይለፍ ቃሉ ይሞላሉ። የመግቢያው ቁጥር እንደ አገልግሎቱ 587 ወይም 465 ነው። በጂሜይል ለሚጠቀሙ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። ጉግል እ.ኤ.አ. ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ የግል አድራሻ ያላቸው ሰዎች ስምና ተራ የይለፍ ቃል ብቻ ሰጥተው በሌላ መሣሪያ በኩል እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ በመጀመሪያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ተከፍቶ፣ ቀጥሎ ለመሣሪያው ብቻ የሚሆን ባለ 16 ፊደል የይለፍ ቃል መውጣት አለበት። ከዚያ ቀን በፊት በተራ ቃል ተዘጋጅተው የተተዉ መሣሪያዎች ዛሬ ዝም ብለው ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

3ኛ/ ልክ ማበጀት። አንድ ጥሪ ስለ ቀረ ብቻ ደብዳቤ አይጻፍ፤ መስመር ለቅጽበት ሊደናቀፍ ይችላልና። በየደቂቃው እየተጠራ ሦስት ጊዜ ያልመለሰ መሣሪያ ግን ይነገርበት፤ በተመለሰም ጊዜ «ተመልሷል» የሚል ደብዳቤ ይምጣ። ደግሞም ዋናው ስዊች ሲወድቅ ከበስተኋላው ያሉት 20 መሣሪያዎች አብረው ይሰወራሉና፣ ማን ከማን በስተኋላ እንዳለ ለጠባቂው ከተነገረው 21 ደብዳቤ በመላክ ፈንታ አንዱን ብቻ ይልካል። ደብዳቤ የበዛበት ሰው ማንበቡን ይተዋል፤ ይህም ካለመላክ አይሻልም።

4ኛ/ ደብዳቤው እንዲገባ ማድረግ። ርእሱ የቤቱን ስም፣ መሣሪያውንና ቦታውን በግልጽ ይናገር። «መርካቶ ሱቅ፣ የገንዘብ ተቀባይ ስዊች፣ ጠፍቷል» ቢል የጥበቃ ሠራተኛ እንኳ ይረዳዋል። የመሣሪያው ሰዓት በትክክል ይሞላ፤ ያለዚያ የጊዜው ልዩነት ያሳስታል። መሣሪያው 19፡10 ብሎ የሚጽፈው በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 መሆኑንም ተቀባዮች ይወቁ።

5ኛ/ ተቀባዮቹን መምረጥ። ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አንዱ ባለሙያ፣ ሁለተኛው የቤቱ ኀላፊ። ደብዳቤውንም ከሱቁ ዋይፋይ ውጭ በስልካቸው የሞባይል መስመር ለማንበብ የሚችሉ ይሁኑ። ኢሜይል ሌሊት ሰውን አይቀሰቅስምና እጅግ ለከበደው ነገር የስልክ አጭር መልእክት ወይም ቴሌግራም ይጨመርበት። ሠራተኛ በተሰናበተ ቀን ቁልፉን እንደሚያስረክብ ሁሉ ስሙ ከዚህ ዝርዝር ይውጣ፤ የሚተካውም በዚያው ቀን ይግባ።

6ኛ/ መፈተን። በመሣሪያው ላይ «የሙከራ ደብዳቤ ላክ» የሚለው ትእዛዝ የሚያረጋግጠው አድራሻው በትክክል መሞላቱን ብቻ ነው። እውነተኛው ፈተና በየሦስት ወሩ፣ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት፣ አንዱን ስዊች ከመብራት ነቅሎ ደብዳቤው በስንት ደቂቃ ከማን እጅ እንደሚደርስ በሰዓት መለካት ነው።

ስለ ጥንቃቄም አንድ ቃል እንጨምር። መሣሪያው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃል ይለወጥ። በኤስኤንኤምፒ የሚሠሩ ብዙ መሣሪያዎች «ፐብሊክ» በሚል የታወቀ ቃል ተከፍተው ይመጣሉና ይህም ይቀየር፤ የሚቻል ሲሆን ምስጢር በሚጠብቀው በሦስተኛው እትም ይሠራ። ማንም ሰው ከውጭ በኢንተርኔት ገብቶ የመሣሪያውን ገጽ ሊከፍት እንዳይችል ይደረግ፤ ያለዚያ ጠባቂ እናቆማለን ብለን በር እንከፍታለን።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወጪ አነስተኛ ነው። መሣሪያው ብዙ ጊዜ በቤቱ ይገኛል፤ ፕሮግራሙ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የሚቀረው የአንድ ባለሙያ ጥቂት ቀን ሥራና የኀላፊው ክትትል ነው። በእኛ ቤት ከዚያ ሰኞ ወዲህ የተቀባዮች ዝርዝር በየወሩ መጀመሪያ ታትሞ በኀላፊው ፊት ይነበባል፤ የጧቱም ደብዳቤ መምጣቱ በመዝገብ ይጻፋል። ይህን ለመጻፍ ከአንድ ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም። ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለነጋዴ የተገባ ነውና፣ ክቡራን አንባቢዎቻችን ይህን ጽሑፍ አንብበው እንደ ጨረሱ አንድ ጥያቄ ለባለሙያቸው እንዲያቀርቡ አደራ እንላለን፤ ይኸውም «ዛሬ ማታ ስዊቻችን ቢቃጠል ወሬው የሚደርሰው ለማን ነው?» የሚል ነው።