ከአንገትጌያችን ሥር ያለችው ቁራጭ ጨርቅ

አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ፤ አስተኩሶ፤ ከራባቱን አሳምሮ ከአለቆቹ ጋር ለስብሰባ ይቀመጣል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እጁ ወደ ማጅራቱ ይሄዳል። ይመልሰዋል፤ ደግሞ ይሄዳል። አጠገቡ ያሉት «ይህ ሰው ምን ነካው? ተባይ ይዞት ይሆን እንዴ?» እያሉ በዓይን ይጠቃቀሳሉ። እርሱም እያፈረ፤ የሚባለውን በቅጡ ሳያዳምጥ ስብሰባው ያልቃል። ምክንያቱ ግን ተባይ አይደለም፤ ከአንገትጌው በስተውስጥ የተሰፋችው፤ ከሁለት ጣት የማትበልጠው የፋብሪካ ማርካ ናት።

ጋቢና ኩታ ይህ ጣጣ የለባቸውም። ፈትሉ በቤት የተፈተለ፤ ሸማኔውም በሰፈር የሚታወቅ ከሆነ ስለ ልብሱ ለመጠየቅ ወደ ሰውዬው መሄድ ይበቃል። የፋብሪካ ልብስ ግን ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ከምን እንደ ተሠራና እንዴት እንደሚታጠብ የሚመሰክርለት ከማርካው በቀር ሌላ የለውም። ስለዚህ መንግሥታት ነገሩን በሕግ ያዙት። በአሜሪካ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ልብስ ከመቶው ስንት እጅ ጥጥ፤ ስንት እጅ ሌላ ክር እንዳለበት፤ በየትኛው አገርና በማን እንደ ተሠራ እንዲጻፍበት አዘዘ። በ1971 ደግሞ ስለ አስተጣጠቡ የሚናገር ሌላ ደንብ ተጨመረ። የዚህ ደንብ አንዱ ቃል ለእኛ ጉዳይ ዋና ነገር ነው፤ ይኸውም ማርካው ልብሱ እስከሚያረጅ ድረስ እንዳይላቀቅ፤ ጽሑፉም እንዳይጠፋ ይላል። አንገት ያለው ልብስ ከሆነ ደግሞ የአገሩ ስም በአንገትጌው መካከል መገኘት አለበት። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካ ገበያ የሰፋቸው ልብሶችም «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚለውን ጽሑፍ ይዘው የሄዱት ይህንኑ ሕግ ተከትለው ነው። እንግዲህ የሕጉ አሳብ መልካም ሆኖ ሳለ ሸክሙ በማጅራታችን ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ሠሪው ማርካውን ዘላቂ ለማድረግ ሲል ከጠንካራ ፖሊስተር ያሠራዋል። ብዙውን ጊዜ ጠርዙ የሚቆረጠው በጋለ ስለት ስለ ሆነ፤ ቀልጦ የረጋው ጫፍ እንደ ጥቃቅን ጥርስ ይደርቃል። የሚሰፋበትም ክር አንዳንድ ጊዜ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ የሚመስል ነጠላ ናይለን ነው። የሱፍን ነገር የመረመሩ ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፤ ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን በላይ የሆነ የሱፍ ጠጉር ጫፉ ቆዳን ሲነካ በቀላሉ አይታጠፍም፤ እንደ መርፌ ገፍቶ የሕመም ነርቭን ይቀሰቅሳል። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሱፍ ይህን ካደረገ፤ የደረቀ የናይለን ጫፍ የሚያደርገውን መገመት አያዳግትም። በሙቀትና በላብ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። ገበያ ላይ በእጅ ዳስሰን «ለስላሳ ነው» ብለን የገዛነው ልብስ ቤት ስንደርስ የሚኮሰኩሰን የጣታችን ጫፍ ቆዳ ወፍራም ስለ ሆነና ይህን ዓይነቱን መወጋት ስለማይሰማው ነው።

የሆነ ሆኖ፤ የመጣልን የመጀመሪያ አሳብ መቀስ ማንሣት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ለሥራ ስንቸኩል ማርካውን በመቀስ ከሥሩ ቆርጠን ጣልነው። ተገላገልን ስንል፤ ከስፌቱ ውስጥ የቀረችው ጉቶ ከበፊቱ ብሳ እንደ እሾኽ ትወጋን ጀመር። በማግሥቱ ተናደን ጉቶዋን በምላጭ ለማውጣት ስንታገል ሸሚዙን ራሱን ቀደድነው። አንድ ወዳጃችን ደግሞ የክሩን ጫፍ በክብሪት እናቃጥለው ብሎ መክሮን ነበር፤ ናይለን ግን ሲቃጠል ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደርቃልና ምክሩ የባሰ ሆነ።

ትክክለኛውን መንገድ ያስተማሩን አንድ በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ልጄ፥ የተሰፋ ነገር ይተረተራል እንጂ አይቆረጥም» አሉን። ልብሱን ገልብጠው በብርሃን ፊት ያዙና፤ ማርካው የተያዘበት ስፌት ከአንገትጌው ስፌት የተለየ መሆኑን አስቀድመው አዩ። ከዚያም በምላጭ ጫፍ በየሦስት ወይም በየአራት ስፌቱ አንዳንድ ክር ብቻ እየበጠሱ፤ ከወዲያ በኩል ክሩን በጣታቸው ሳቡት። ማርካው ያለ አንዳች ቀዳዳ ወጣ። የተበጣጠሱትንም የክር ቁርጥራጮች አንድ በአንድ ለቀሙ፤ የሚወጋው እነዚህም ጭምር ናቸውና። ማርካው ከአንገትጌው ስፌት ጋር አብሮ የተሰፋ ከሆነ ግን ሲተረተር አንገትጌው ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊ ከፍቶ መልሶ ይስፋው፤ አለዚያም ማርካውን አሳጥሮ ቆርጦ በጉቶው ላይ ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ለስላሳ ቁራጭ መስፋት ይቻላል።

ሕግ መጣስ አይሆንም ወይ ለሚል አንባቢ፤ ሕጉ የሚይዘው ሠሪውንና ሻጩን ነው። የገዛ ሰው በገዛ ልብሱ ላይ ያለውን ማርካ ቢያወጣ ማንም አይከሰውም። ዳሩ ግን ሳያነቡ መጣል ጉዳት አለው። ገንዳ የሚመስለው ሥዕል ስለ መታጠብ ሲሆን በውስጡ ያለው 30 ወይም 40 የውሃው ሙቀት ወሰን ነው፤ እጅ ከተሣለበት በእጅ ብቻ ይታጠባል። ካውያው ላይ አንድ ነጥብ ካለ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ፤ ሁለት ካለ ከ150፤ ሦስት ካለ ከ200 እንዳያልፍ ነው። ሦስት ማዕዘን ስለ በረኪና ይናገራል፤ የመስቀል ጭረት ያለበት ሁሉ ክልክል ነው። ይህን በደብተር መገልበጥ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሣት ደቂቃ አይወስድም።

በነገራችን ላይ፤ በሱፍ ኮት እጅጌ ላይ በጥቂት ክር ተይዞ የሚመጣው ማርካ ገዢው እንዲያወጣው የተተወ ነው። የኮቱን ዋጋ ለማሳየት ሲሉ እንደ ማዕረግ ምልክት የሚይዙት ወጣቶች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ፋብሪካዎችም ችግሩን አላጡትም። ሄንስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2002 ማርካ አልባ ካናቴራ አውጥቶ ጽሑፉን በጨርቁ ላይ አተመው። ይህም ቢሆን ነቀፌታ አላጣም፤ በ2008 በአሜሪካ በአንዳንድ የሕፃናት ልብስ ላይ የታተመው ጽሑፍ የልጆችን ጀርባ እንዳሽፈረ ባለ ሥልጣኖቹ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። እንግዲህ ማርካው ከወጣ በኋላም ቆዳው መቅላቱን ካልተወ ነገሩ የሐኪም ነው።

ይህን ሁሉ እንድንጽፍ ያደረገን ግን የአንድ ልጅ ነገር ነው። የምናውቃቸው ቤተሰቦች የሰባት ዓመት ልጅ በየጠዋቱ የትምህርት ቤቱን ሹራብ ሲያለብሱት ያለቅስ ነበር። አባቱ ትምህርት ጠልቶ ነው ብለው ተቆጡት፤ አንድ ሁለት ጊዜም ቀመሰ። ልጁ «ይበላኛል» ከማለት በቀር ሌላ ማስረዳት አልቻለም፤ የሰማውም አልነበረም። በመጨረሻ አክስቱ ሹራቡን ገልብጣ ብታይ ሁለት ማርካዎች ተደራርበው ተሰፍተውበታል፤ የልጁም ማጅራት ቀልቷል። በዚያው ምሽት ተረተረቻቸው፤ በማግሥቱ ልጁ ያለ ለቅሶ ሄደ። አንዳንድ ልጆች፤ በተለይም ኦቲዝም ካለባቸው ብዙዎቹ፤ ቆዳቸውን የሚነካውን ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ አብዝተው ይሰማሉ። አባትየው ስለዚያ ኩርኩም እስከ ዛሬ ይቆጫሉ። አክስቲቱም ከዚያ ወዲህ ለልጁ ልብስ ስትገዛ፤ ነጋዴው እየሣቀባት እንኳ፤ በጣቷ መዳሰሱን ትታ አንገትጌውን ገልብጣ በራሷ ማጅራት ላይ ታሸዋለች።